በአንበሳሜ የፕሌይስቴሽን ቤቶች ስለሚወደደው የእግር ኳስ ጨዋታ

በደቡብ ጎንደር ከተሞች ስለ ፕሌይስቴሽን የሚነገረው ሁሉ ስለ ቤቱ እንጂ ስለ ጨዋታው አይደለም። ወላጆችና መምህራን ልጆች ከትምህርት ቀርተው የሚሸሸጉበት፣ የደብተር መግዣም የሚጠፋበት ቦታ ነውና ይዘጋ ይላሉ፤ ወጣቶቹም ሌላ መዋያ የለንም ብለው ይመልሳሉ። ሁለቱም ወገኖች በየፊናቸው እውነት አላቸው፤ ነገር ግን ስለ ጨዋታው ስለ ራሱ አንዲት ቃል ሳይናገሩ ይለያያሉ። ነገሩ ልብ ወለድ መጽሐፍ ወይም ቴአትር ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ያማረ ነው፣ እዚህ ላይ ተበላሽቷል የሚል ሰው አይጠፋም ነበር። እኛ በተማርንበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ካርታ ክልክል ሲሆን እግር ኳስ ግን የተመሰገነ ነበር፤ ምክንያቱም ኳስ ሰውነትን ያጠነክራል ይባል ነበር። እንዲህ ያለው ሚዛን የጨዋታን ጥቅም ይመዝን ይሆናል እንጂ ጨዋታን አይመዝንም። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጨዋታው በምን እንደሚያስደስት፣ በምንስ እንደሚጎድል ነው።

አንበሳሜ የደራ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከሐሙሲት ወደ እስቴ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። በዕረፍት ጊዜያችን በዚያ የሚገኙትን የፕሌይስቴሽን ቤቶች እየተመላለስን ተመልክተናል፤ ለማነጻጸርም ደብረ ታቦር ሄደን ጥቂት አይተናል። ቤቱ ጭቃ ምርግ ግድግዳና ቆርቆሮ ክዳን ያለው አንድ ክፍል ነው። በግድግዳው ላይ ሁለት ቴሌቪዥኖች ተሰቅለዋል፤ ከፊታቸው አንድ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ፤ ከአግዳሚው በስተጀርባ የቆመው ሰው ከተቀመጠው ይበዛል። መሣሪያዎቹ እ.ኤ.አ. በ2006 ለገበያ የወጣው ሦስተኛው ፕሌይስቴሽንና በ2013 የወጣው አራተኛው ናቸው፤ በ2020 የወጣውን አምስተኛውን ልጆቹ በስም ያውቁታል እንጂ በአንበሳሜ አላየነውም። ከጆይስቲኮቹ አንዱ ግራ ዘንጉ ስለላላ ተጫዋቹን ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ይጎትተዋል። ይህንን ያልነው ለትዝብት አይደለም፤ ወደፊት እንደምናየው በዚህ ቤት ውስጥ የላላ ዘንግ እንኳ ሕግ አለው።

ጨዋታው በሰው አፍ «ፊፋ» ይባላል። ኤሌክትሮኒክ አርትስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ይህን ተከታታይ ጨዋታ ማውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው፤ ከዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ጋር የነበረው የስም ውል በማብቃቱም በ2023 «ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ» በሚል ስም መውጣት ጀመረ። የአንበሳሜ ልጆች ግን ይህን የስም ለውጥ አልተቀበሉትም። እንዲያውም ከትንንሾቹ አንዳንዶቹ የተቀናቃኙን የጃፓኑን ኮናሚን ጨዋታ ሳይቀር ፊፋ ይሉታል፤ የቆዩት ተጫዋቾች ግን ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ፤ ፔስ ፔስ ነው ይላሉ።

እንደ ሥራ ስንመለከተው ጨዋታው በእውነት የተዋጣለት ነው። ያልለመደ ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ ኳስ ማቀበልና መምታት ይማራል፤ የለመደ ሰው ግን በዓመታት አይጨርሰውም። ዋናው ጥበቡ ቁልፉን መጫን ላይ ሳይሆን የተጫኑትን መልቀቅ ላይ ነው፤ ጥቂት የዘገየ ጣት ኳሱን ከግቡ አግዳሚ በላይ ይሰደዋልና። ተጫዋቹ ተሳስቶ ጎል ሲስት ኳሱ ሳይሆን የገዛ አውራ ጣቱ እንደበደለው ወዲያው ይታወቀዋል። ጥፋቱን ከሰው ሳይሆን ከራሱ የሚያስፈልግ ጨዋታ ሰውን ደጋግሞ ይጠራል። ተመልካቹም ቢሆን ከኋላ ቆሞ ስሕተቱን ያያል፤ ይህ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም፤ ብዙ ጨዋታዎች ለሚጫወተው ግልጽ ሆነው ለቆመው ሰው ድንግርግር ናቸውና።

ይሁን እንጂ በአንበሳሜ የሚታየው ጨዋታ ኩባንያው የሠራው ጨዋታ ብቻ አይደለም። የቤቱ ባለቤት የሚያስከፍለው በጨዋታ ሒሳብ ስለሆነ የአንዱን አጋማሽ ጊዜ አሳጥሮታል፤ ጨዋታው ባጠረ ቁጥር በአንድ ቀን የሚያስተናግደው ሰው ይበዛልና። የገበያ ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን የኳሱን ጠባይ ለውጦታል። በዚያች አጭር ጊዜ ኳስን ከተከላካይ ወደ አማካይ እያመላለሰ ባላጋራውን የሚያደክም ሰው ሳያገባ ዕረፍት ይደርስበታል። ስለዚህም ሁሉም ወደ ፊት ይቸኩላል፤ ረጅም ኳስ ይበዛል፤ ምባፔን የመሰለ ፈጣን አጥቂ ያለበት ቡድን ከሌላው ሁሉ የተፈለገ ይሆናል። በውጭ አገር ጨዋታውን የሚተቹ ሰዎች ስለ መሐል ሜዳው አሠራር ብዙ ይከራከራሉ። በአንበሳሜ ግን መሐል ሜዳ ማለት ኳሱ በአየር የሚያልፍበት ቦታ ነው። እንግዲህ አንድን ጨዋታ ለመንቀፍ ወይም ለማመስገን የተጫወቱበትን ቤት ሒሳብ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ አግዳሚው ሕግ እንመለስ፤ ጽሑፋችን በይበልጥ የሚያተኩረው በዚህ ነው።

የመጀመሪያው ሕግ የታወቀ ነው፤ ተሸናፊ ይከፍላል፣ አሸናፊ ይቀመጣል። ብርቱ የሆነ የድሃ ልጅ ጠዋት የገባበትን ወንበር እስከ ማታ ሳይለቅ፣ ከኪሱም ምንም ሳያወጣ ሊውል ይችላል። ደካማው ደግሞ እየከፈለ ይማራል። ሁለተኛው ሕግ የቡድን ምርጫን ይመለከታል። ጨዋታው ራሱ ለየቡድኑ እስከ አምስት የሚደርስ የኮከብ ማዕረግ ይሰጣል፤ ነገር ግን ባለ አምስት ኮከቡን ቡድን ባለ ሦስት ኮከብ ከያዘ ሰው ጋር ማጋጠምን አይከለክልም። የከለከለው አግዳሚው ነው። እኩል ኮከብ መያዝ ግዴታ ነው፤ ታላቅ ከታናሽ ጋር ሲገጥም ግን ታላቁ ዝቅ ያለውን ቡድን እንዲይዝ ይጠበቃል፤ እንቢ ቢል ማንም አያስገድደውም፤ ቢያሸንፍ ግን የሚያጨበጭብለት የለም። ሦስተኛው፣ ማቆሚያውን ቁልፍ መጫን የሚቻለው ኳስ ከሜዳ ሲወጣ ብቻ ነው፤ ባላጋራው ሊመታ ሲል ያቆመ ሰው ጨዋታው እንደቀጠለ ኳሱን አውጥቶ መስጠት አለበት። ዘንጉ የላላውን ጆይስቲክ የሚይዘውም አሸናፊው ነው፤ አዲስ ገቢ ደኅናውን ይወስዳል።

ከሁሉ የሚደንቀው የመብራት ሕግ ነው። መሣሪያው የጨዋታውን ሕግ ሁሉ በሆዱ ይዟል፤ ከጨዋታ ውጭ መሆንን እንደ ሰው ሳያዳላ ይፈርዳል፤ ስለ መብራት መጥፋት ግን የሚያውቀው ነገር የለም። መብራት ሲጠፋ ውጤቱም፣ ሰዓቱም፣ ዳኛውም አብረው ይጠፋሉ። በአንበሳሜ የተደነገገው እንዲህ ነው፤ ከዕረፍት በኋላ ከጠፋ የሚመራው አሸናፊ ይባላል፤ ከዕረፍት በፊት ከጠፋ ጨዋታው እንዳልነበረ ይቆጠራል፣ ክፍያም የለም። አንድ ቀን እኛው ባለንበት ሁለት ለአንድ የሚመራ ልጅ ዕረፍቱ ሲቃረብ መብራት ጠፋበት።

«አያ፣ እየመራሁ እኮ ነው!» አለ ወደ ባለቤቱ ዞሮ።

«ዕረፍት አልደረሰም፤ ሲበራ ከዜሮ ነው» አለው።

«ደርሷል፤ አርባ አምስት አልፎ ጭማሪ ላይ ነበር።»

ያን ጊዜ ከኋላ የቆሙት መሰከሩ። አንዱ አርባ አንድ ነበር አለ፤ ሌላው አርባ ሦስት ሲል አይቻለሁ ብሎ ማለ፤ አርባ አምስትን ያየ ግን አልተገኘም። ፍርዱ በዚሁ ጸና። ልብ እንዲባልልን የምንፈልገው ምስክሮቹ እነማን እንደነበሩ ነው። ሳንቲም የሌላቸው፣ ቀኑን ሙሉ ቆመው የሚያዩ፣ ቦታ ሲጠብ «ወደ ውጭ!» የሚባሉ ትንንሽ ልጆች ናቸው። ብርሃን ሳለ የማይሰማ ቃላቸው በጨለማ ጊዜ ፍርድ ይሰጣል። ኩባንያው ይህን አልሠራውም፤ ሊሠራውም አይችልም።

እንዲህ ያለው ነገር በአገራችን አዲስ ነው ወይ ብለን ብንጠይቅ፣ መልሱ በሰንጠረዥ ይገኛል። ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ባሳተመው ጥናት የቀድሞ ተጓዦች የጻፉትን ሰብስቦ አስረድቷል። በኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ጨዋታው ሲጀመር ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ አይጠብቁም፤ የመጀመሪያው ምርኮ እስኪወሰድ ድረስ እያንዳንዱ በእጁ ፍጥነት ሠራዊቱን ያሰልፋል፤ ይህም ወረራ ይባላል። ተመልካቹም ዝም አይልም፤ ይመክራል፣ ይጮኻል። ከሁሉ በላይ ግን ማሸነፍ ብቻ አይበቃም ነበር። በብርቱ ቁራጭ የባላጋራን ንጉሥ መያዝ እንደ ተራ ነገር ሲቆጠር፣ በደካማ ቁራጭ፣ በተለይም በእግረኛ ወታደሮች የያዘ ሰው ይደነቃል። በሕጉ ሁለቱም ድል ነው፤ በተመልካች ፊት ግን አንድ አይደለም።

ታዲያ የአንበሳሜ አግዳሚ ከዚህ በምን ይለያል? በፈጣን አጥቂ ሩጫ ብቻ የገባን ጎል «የሩጫ ጎል» ይሉታል፤ ይቆጠራል እንጂ አይወደስም። በፍጹም ቅጣት ምት ያሸነፈ ልጅ ወንበሩን ይይዛል፤ ከኋላ ግን «በነጻ ነው የበላኸው» ይባላል። ዝቅ ያለ ቡድን ይዞ፣ በተከላካዩ ራስ ከማዕዘን ያገባ እንደሆነ ግን ቤቱ ይናወጣል፤ ወሬውም በማግስቱ ትምህርት ቤት ይደርሳል። ደብረ ታቦር የራስ ጉግሳና የራስ ዓሊ መናገሻ በነበረችበት ዘመን በየአዳራሹ የተጫወቱት ሰዎች ወደዚህ ቤት ቢገቡ በቴሌቪዥኑ ይደነግጡ ይሆናል እንጂ በጩኸቱ የሚገረሙ አይመስለንም።

ስለ ጩኸቱም ጥቂት እንበል። ጨዋታው ከነተንታኙ ነው የተሠራው፤ እንግሊዛዊ ድምፅ የየተጫዋቹን ስም እየጠራ ይናገራል። በአንበሳሜ ቤቶች ይህ ድምፅ ብዙ ጊዜ ይቀነሳል። በምትኩ ከኋላ ከቆሙት አንዱ በአማርኛ ይተነትናል፤ ተጫዋቾቹን በመንደር ልጆች ስም ይጠራል፤ ያመለጠውን ተከላካይ በሬው ከጠፋበት ገበሬ ጋር ያነጻጽረዋል። የገና ጨዋታ የተጫወተ ሰው ይህን ወዲያው ያውቀዋል፤ በገና ዕለት ሩር የሚመታው ልጅ ባላጋራውን ይሰድባል፣ ጌታውም በሎሌው ስድብ አይቆጣም። በፕሌይስቴሽን ቤትም መምህሩን ያሸነፈ ተማሪ ለዚያች ለጥቂት ደቂቃ ሊቀልድበት ይፈቀድለታል። መምህሩም ከፍሎ ይነሣል።

በስልክ የሚጫወቷቸው ጨዋታዎች ይህን አይሰጡም። ፐብጂም ሆነ ፍሪ ፋየር በአዲስ አበባ ልጆች ዘንድ ምን ያህል እንደሚወደዱ እናውቃለን፤ በአንበሳሜም የሚጫወቷቸው አሉ። ሆኖም እነዚህ ያለ ኢንተርኔት አይሠሩም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት በቆየ ጊዜ በስልክ ላይ ያሉት የተኩስ ጨዋታዎች ዝም ሲሉ፣ በዲስክና በመሣሪያው ማኅደር የተጫነው ኳስ ግን መብራት እስካለ ድረስ ቀጥሏል። በውጭ ተኩስ በሚሰማበት ዘመን በስልክ ላይ ያለው ተኩስ መጥፋቱ ያሳዘነው ሰው ብዙ አልነበረም ይላሉ፤ ይህን ቀልድ የነገረን ልጅ ራሱ ግን አልሳቀም።

የአገር ልጆች ስለሠሩትም ጨዋታ መናገር ይገባናል። በአዲስ አበባ የተቋቋመው ቅኔ ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2018 «ኩኩሉ» የተባለ የስልክ ጨዋታ አውጥቷል፤ ለወጥ የታሰበች ዶሮ ከአሳዳጅዋ የምታመልጥበት ነው። በኋላም ገበጣን ወደ ስልክ አምጥቷል። ኩኩሉ ሥዕሉ ያማረ ነው፤ ሐሳቡም ያስቃል፤ በዓል ዋዜማ ዶሮ ያሳደደ ሁሉ ይገባዋል። ነገር ግን ልብሱ የእኛ ሆኖ አካሄዱ እ.ኤ.አ. በ2011 እና በ2012 ዓለምን ካዳረሱት ከ«ቴምፕል ረን» እና ከ«ሰብዌይ ሰርፈርስ» ወገን ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን አንገቱን ደፍቶ ይሮጣል፣ ይወድቃል፣ እንደገና ይሮጣል። የሚሸነፍለት ሰው የለም፤ የሚከፍልም የለም። ገበጣም በስልክ ሲሆን ጠጠሩን የሚቆጥረው መሣሪያው ነው፤ በመሬት ላይ ሲጫወቱት ግን ግማሹ ጨዋታ ቆጠራውን መጠባበቅ፣ የባላጋራን እጅ መከታተል፣ ሕጉ በዚህ አገር እንዲህ ነው እያሉ መከራከር ነው። ፓንክኸርስት በዚያው በ1971 ስለ ገበጣ ባሳተመው ሌላ ጽሑፍ በየአካባቢው የሚለያዩ እጅግ ብዙ ዓይነቶችን መዝግቧል። ይህ ሁሉ ልዩነት የመጣው ሕጉ በሰው አፍ ውስጥ ስለነበረ ነው። ከመሬት ላይ ጉድጓድ ሕግ አይወጣምና።

ስለዚህ ባህላችንን በጨዋታ እናቅርብ የሚሉት ወንድሞቻችን ጎጆውንና ጥበቡን ከመሳል አልፈው አግዳሚውን ቢያጠኑት ደስ ይለናል። ፊፋ ከውጭ የመጣ ነው፤ ነገር ግን ሁለት ሰዎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ከኋላቸው የሚያቆመው ሕዝብ አለው፤ ሕግ ለማውጣት የሚሆን ባዶ ቦታም ሳያስበው ትቶላቸዋል። ለእኛ ጠባይ ከኩኩሉ ይልቅ የቀረበው እርሱ ነው ብንል አናፍርም።

ይህን ስንል ጉድለቱን ልንሸፍን አይደለም። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ ሲወስድ ጎንደር በደስታ ሰክራ ነበር፤ በዚያን ጊዜም ሆነ ከዚያ በኋላ ግን በዚህ ጨዋታ ፋሲልን ይዞ የተጫወተ ልጅ የለም፤ የኢትዮጵያ ሊግ በውስጡ የለምና። ልጆቹ ይህን እንደ በደል አያዩትም፤ ጠይቀናቸው ጥያቄያችን ራሱ አስገረማቸው። እኛን ያሳዘነን ከጉድለቱ ይልቅ ይህ አለመጠየቃቸው ነው። ሌላው ጉድለት የጨዋታው ሳይሆን የቤቱ ነው፤ በተመላለስንባቸው ቀናት ሁሉ ከአግዳሚው ላይ አንዲት ሴት ልጅ አላየንም። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በወንድሟ ስልክ ኳስ እንደምትጫወትና ወንድሟን እንደምትረታው ነግራናለች፤ ቤቱ ግን «የወንዶች ነው» አለች። ማንም አልከለከላትም፤ የተጻፈ ነገርም የለም። የመብራትን ሕግ ያህል ረቂቅ ነገር የደነገገ አግዳሚ፣ ይህን ሳይደነግግ ማጽናቱን ልናልፈው አንችልም። በገንዘብ መወራረድም በአንዳንድ ቤቶች ገብቷል፤ ተሸናፊ የጨዋታውን ዋጋ ይክፈል ማለትና ተሸናፊ ኪሱን ያራግፍ ማለት አንድ አይደሉም፤ ወላጆች ቤቱ ይዘጋ ከማለት ይልቅ ይህን ለይተው ቢቃወሙ የሚደግፏቸውን ከአግዳሚው ላይ ያገኙ ነበር።

የመብራቱ ሕግ በየከተማው አንድ አለመሆኑን ለመመዝገብ ያህል፣ በደብረ ታቦር ያየነውን እንጨምር። በዚያ በአንድ ቤት ዕረፍት ደረሰ አልደረሰ ተብሎ አይጠየቅም። መብራት በጠፋ ጊዜ የሚመራው ምንም አይከፍልም፤ የተመራው ግማሽ ይከፍላል፤ እኩል ከነበሩ ግን ጨዋታው አያልቅም፣ ሌላ ቀን ተገናኝተው አዲስ ጨዋታ ይከፍቱና ከዚያው ውጤት ቆጥረው ይቀጥላሉ። ባለቤቱ ውጤቱን ከሁለቱ ልጆች ስም ጋር ከበሩ ጀርባ በጠመኔ ይጽፋል። እኛ በገባንበት ቀን አራት ውጤቶች ተጽፈው ነበር፤ ከአራቱ አንዱ ከክረምት በፊት የተጻፈ ነው፤ ከሁለቱ ልጆች አንደኛው ወደ ባሕር ዳር ስለሄደ እስኪመለስ ማንም እንዳያጠፋው ተብሎ ዙሪያው በጠመኔ ተከቦ ነበር።